ለጀማል መኪና የመረጥኩት ጎማ

ሥራ ያቆምኩት ዘንድሮ ነው። ምነው አቆምክ ለሚለኝ ሁሉ «ጉልበቴ እንቢ አለ» እላለሁ፤ ውሸትም አይደለም። ጎሚስታ የሚያረጀው ከጉልበቱ ነው። ዕድሜ ልኩን ቁጢጥ ብሎ የኖረ ሰው አንድ ቀን መነሳት ያቅተዋል። እኔም የደንበኛ እጅ እየያዝኩ መነሳት ስጀምር አፈርኩና ተውኩት። አሁን ቆቦ ውስጥ አስፋልቱ ዳር ካለች ኒም ሥር ወንበር አውጥቼ የሚያልፈውን መኪና አያለሁ። ሰው ሾፌሩን ሰላም ይላል፤ የኔ ዓይን ጎማው ላይ ነው። ይኼኛው በውጭ በኩል ተበልቷል፣ መሪው ይስባል። ያኛው መሐሉ ብቻ አልቋል፣ ባለቤቱ ነፋስ በበዛ ቁጥር ጎማ የሚጠነክር የሚመስለው ሰው ነው። የሰው መልክ ቶሎ ይጠፋኛል፤ ጎማውን ካየሁ ግን የማን እንደሆነ አልስትም። ባለቤቴ ይህን እንደ በሽታ ነው የምትቆጥረው።

ልጆቼ የሥራ ዘመንህን ጻፍልን አሉኝ። ብዙው የሚጻፍ አይደለም፤ ጎማ ማውለቅና ጎማ መግጠም ነው። መጻፍ የፈለግኩት ስለ አንድ መኪና ነው። ጋሽ ኪሮስ ካረፉ ወዲህ ነገሩ ቢነገር የሚጎዳው ሰው የለም። ግን እሷን መኪና ለመናገር መጀመሪያ እሳቸውን መናገር አለብኝ።

የጎብዬ ልጅ ነኝ። መጀመሪያ የተቀጠርኩት ሮቢት አጠገብ በነበረ የመንገድ ሥራ ካምፕ ውስጥ፣ በጎማ ክፍል ነው። ደመወዙ ስሙ ብቻ ነበር። የካምፑ አለቃ ጎማ ፈነዳ ስንለው «ሾፌሩ ደህና ነው?» ሳይሆን «ፎርሙ ተሞልቷል?» የሚል ሰው ነበር፤ ከዚህ ሌላ ክፋት የለበትም። እውነተኛው አለቃዬ ጋሽ ኪሮስ ናቸው። የተወለዱት ዋጃ ሲሆን ያደጉትና ሥራውን የተማሩት አሰብ ወደብ ላይ፣ የከባድ መኪና ጎማ ቤት ውስጥ ነው። ሲናገሩ ትግርኛውም አማርኛውም ይቀላቀልባቸዋል። እኔን «ወደይ» ይሉኝ ነበር፣ ልጄ ማለታቸው ነው። ሲቆጡም ሲያመሰግኑም ያው «ወደይ» ስለሆነ የቱ እንደሆነ ለመለየት ፊታቸውን ማየት ነበረብኝ።

መኪና ሲመጣ ሾፌሩን ምን ሆነብህ ብለው አይጠይቁም። «ሾፌር ይዋሻል» ይሉኝ ነበር፣ «ጎማ ግን ምን ብሎ ይዋሻል?» መጀመሪያ የእጃቸውን ጀርባ ጎማው ጎን ላይ ያሳርፋሉ፤ እናት የልጇን ግንባር እንደምትነካ። ቀዝቃዛ ከሆነ መሣሪያ ያነሳሉ። ከጋለ «ታሟል፣ ይረፍ» ብለው ይነሱና ዛፍ ጥላ ሥር ይቀመጣሉ። አለቃ ቢመጣ፣ ሹም ቢመጣ፣ የጋለ ጎማ ላይ መለኪያ አይሰኩም ነበር። የወለቀ ጎማ ሲሆን ደግሞ ዓይናቸውን ጨፍነው እጃቸውን ወደ ውስጥ ይሰዱና ዙሪያውን ይዳብሱታል። ምስማር የወጋውን፣ ድንጋይ የመታውን፣ አርጅቶ የሰነጠቀውን በጣታቸው ይለያሉ። እኔ በባትሪ ፈልጌ የማላገኘውን እሳቸው ጨፍነው ያገኙት ነበር። እውነቱን ለመናገር ይህ ለረጅም ጊዜ ያናድደኝ ነበር።

ስለ ጋለ ጎማ ያላቸው ነገር ለራያ ሜዳ ልዩ ትምህርት ነው። ከደሴ ወይም ከወልዲያ በብርድ የተነሳ መኪና ጎብዬን አልፎ ወደ ሜዳው ሲወርድ ሌላ አገር ይገባል። አስፋልቱ እሳት ነው። ጎማው ውስጥ ያለው ነፋስ በሙቀቱ ያብጣል፤ ሾፌሩ መለኪያ ሲሰካ ቁጥሩ ከፍ ብሎ ያገኘዋል። «ሊፈነዳ ነው!» ይልና ቫልቩን ተጭኖ ያስተነፍሰዋል። ግማሹ የቆላ ሾፌር እስከ ዛሬ ይህን ያደርጋል፤ የሚኮራበትም አለ። ችግሩ ሙቀቱ ራሱ የሚሄድ ነገር መሆኑ ነው፤ የወጣው ነፋስ ግን አይመለስም። ነፋስ የጎደለው ጎማ በተሽከረከረ ቁጥር ጎኑ እየታጠፈ ይዘረጋል፣ መታጠፉ ደግሞ ከአስፋልቱ የባሰ ያግለዋል። ከውስጥ ይቃጠላል። ከዚያ የሚፈነዳው ሞልቶ ሳይሆን ጎድሎ ነው። ፋብሪካው ይህን ስለሚያውቅ ልኩን የጻፈው ለቀዝቃዛ ጎማ ነው። ስለዚህ ጋሽ ኪሮስ ዘንድ ጎማ የሚነፋውም የሚለካውም ጠዋት ብቻ ነው።

ይህን የተማሩት በቀላሉ አልነበረም። አሰብ ሳሉ፣ ገና ወጣት ሆነው፣ እሳቸውም እንደ ሌላው ከበረሃ የገባውን መኪና ሁሉ ያስተነፍሱ ነበር። አንድ ቀን ያስተነፈሱት ጎማ መንገድ ላይ ፈንድቶ አብሯቸው ያደገ ረዳት ሞተ። ይህን የነገሩኝ አንድ ጊዜ ብቻ ነው፤ ምሳ እየበላን ነበር፣ ተነግሮ ሲያልቅ ምሳቸውን ትተው ተነሱ። ከዚያ በኋላ ለምን መኪና እንደሚያስቆሙ ጠይቄ አላውቅም።

አንድ ጊዜ ሰው የሞላ አውቶቡስ ካምፑ በር ላይ ቆመ። ሾፌሩ ወርዶ ኋለኛውን ጎማ አስተንፍሱልኝ አለ። ጋሽ ኪሮስ እጃቸውን አሳረፉና «ታሟል» አሉ። ሾፌሩ ጮኸ፣ ተሳፋሪው ጮኸ፣ ወደ ዋጃ የተመደበ አንድ አስተማሪ «ሽማግሌው ምን ሆነዋል?» እያለ በመስኮት አንገቱን አወጣ። እሳቸው ለአስተማሪው ውሃ ላኩለትና ተቀመጡ። ሾፌሩ ተናዶ ሄደ፤ ዋጃ ሲደርስ ሌላ ሰው አስተነፈሰለት። አላማጣ ሳይገባ ፈነዳ። ማንም አልሞተም። ያ ሾፌር ከዚያ ወዲህ ካምፑን ሲያልፍ ክላክስ ያሰማ ነበር፤ ይቅርታ ይሁን ስድብ እስከ ዛሬ አልለየሁትም።

ካምፑ ሲዘጋ እኔም ትንሽ ጡረታ ተቆረጠልኝ። ሁለታችን ቆቦ መጥተን አስፋልቱ ዳር ጎማ ቤት ከፈትን። በክፉው ጊዜ ኮምፕሬሰራችን ሲወሰድ በእጅ ፓምፕ ሠርተናል። ጋሽ ኪሮስ ሲደክሙ ሥራውን ለኔ ተዉልኝ፤ ግን ጠዋት ጠዋት እየመጡ አሮጌ ጎማ ላይ ይቀመጣሉ። ኋላ ኋላ ማስታወሳቸው መንሸራተት ጀመረ። ከሞቱ ዓመታት ያለፋቸውን ባለቤታቸውን «ምሳ አላመጣችም?» ይሉኛል። አንዳንዴ «የአሰብ መኪኖች ገቡ?» ይላሉ። «ይገባሉ ጋሼ» እላለሁ። ሌላ ምን ይባላል? እጃቸው ግን አልረሳም ነበር፤ ወይም አልረሳም ብዬ አስብ ነበር።

ጀማል የመጣው በዚህ ጊዜ ነው። የጎረቤቴ የዘሀራ ልጅ ነው፤ በአፋር በረሃ አልፎ፣ ባሕር ተሻግሮ ሳዑዲ ገብቶ ብዙ ዓመት ኖሯል። እዚያ የአንድ ሀብታም ሾፌር ነበር፤ ሰውየው ሰው ሳይሆን መኪና የሚወልድ ይመስል ግቢው በመኪና የተሞላ ነበር አሉ። ጀማል ሲመለስ ሁሉም ሱቅ ይከፍታል ወይም ባጃጅ ይገዛል ብሎ ሲጠብቅ፣ ከአዲስ አበባ ሁለት በር ብቻ ያላት፣ መሬት ለመሬት የምትሄድ ቀይ የስፖርት መኪና ነድቶ መጣ። ያለውን ሁሉ አፍስሶባታል። ሐሳቡ ለሙሽራ ማከራየት ነው። ከወልዲያ እስከ አላማጣ እንዲህ ያለ የሙሽራ መኪና የለም ማለቱ እውነቱን ነው።

ሱቄ በር ላይ ስትቆም የሰፈሩ ሰው ሁሉ ከበባት። እኔ ጎማዋን አየሁና ሳቄ መጣ። የቀድሞው ባለቤት የሚያብለጨልጭ ትልቅ ቸርኬ ገጥሞባታል፤ ጎማው ከጭቃ መከላከያው፣ ከፓራፋንጎው ወጥቶ ክንዱን ደረቱ ላይ እንዳጠፈ ጎረምሳ ወደ ውጭ ተገትሯል።

«አያ እንድሪስ፣ ስነዳት መሪው ይንቀጠቀጣል» አለኝ ጀማል።

«አይፈረድበትም። ይህን የገጠመልህ ማነው?»

«ሻጩ ነው። ለውበት ነው አለኝ።»

«ለውበት ከሆነ አቁመህ እያት።»

አውልቄ አሳየሁት። የቸርኬው መሐል ቀዳዳ ከመኪናዋ ሞዞ፣ ቸርኬው ከሚሰካበት እምብርት፣ ይሰፋል፤ ብሎኑ ቢጠብቅም ቸርኬው ልክ መሐሉ ላይ አይቀመጥም፣ የመሪው መንቀጥቀጥ ከዚያ ነው። ወደ ውጭ መውጣቱ ደግሞ ኩሽኔታውን ያለ ጊዜው ይበላዋል። ሰው ሲጫን ጎማው ፓራፋንጎውን ይፍቃል። ጀማል ልብ ያለው ልጅ ነው፤ አልተከራከረም። «እሺ፣ ፋብሪካው የሰጣትን ላድርግላት» አለ።

ፋብሪካው የፈቀደላት ሁለት ዓይነት ነው፤ በሩ ሲከፈት ምሰሶው ላይ ተለጥፎ ይታያል። አንደኛው ሰፋ ያለ ቸርኬ ነው፤ ጎማው ስስ፣ ጎኑ ሁለት ጣት የማይሞላ፣ የፊቱ ጠበብ የኋላው ሰፋ ያለ። ሁለተኛው አነስ ያለ ቸርኬ ነው፤ የጎማው ጎን ከፍ ያለ፣ አራቱም አንድ ዓይነት። ከመሬት እስከ ላይ ሲለኩ ሁለቱም እኩል ናቸው፤ ፋብሪካ ቸርኬ ሲያሳድግ ጎማውን ያሳንሳል፣ ያለዚያ የፍጥነት መለኪያው ይዋሻል። ሁለቱም አዲስ አበባ ይገኛሉ። ጀማል የፈለገው ሰፊውን ነው።

«ትንሹ እኮ የሽማግሌ ጫማ ነው የሚመስለው» አለ።

«ሽማግሌ ደግሞ ወድቆ አይሰበርም፣ ቀስ ብሎ ነው የሚሄደው።»

«ኧረ ባክህ አያ! የስፖርት መኪና እኮ ናት። መሪዋ እንደ ምላጭ ነው የሚቆርጠው በሰፊው።»

«ምላጩን ቆቦ ላይ ምን ትላጭበታለህ?» አልኩት። ከዚያ ቀልዱን ትቼ አስረዳሁት። ስስ ጎማ ለለሰለሰ መንገድ ነው። የኛ አስፋልት ዳሩ የተቦጨቀ ነው፤ ክረምት ጎርፉ ድንጋይ ያወርድበታል፣ ግመል ያቋርጠዋል፣ ከአስፋልት ወርዶ ሙሽራ ቤት የሚያደርሰው ደግሞ ጠጠር ነው። ጎን የሌለው ጎማ ጉድጓድ ሲመታ ምቱን ቸርኬው ይቀበለዋል፤ ቸርኬ ይሰነጠቃል። ፊትና ኋላው ስለሚለያይ እኩል እንዲያልቅ ማቀያየር አይቻልም፤ አንዱ ቢቀደድ ከደሴ እስከ መቀሌ አምሳያው አይገኝም። ሙሽራ ጭኖ ጎማ ፍለጋ አይኬድም። ጎኑ ከፍ ያለው ምቱን ራሱ ይውጣል። መሪው ትንሽ ይለዝባል፤ እሱ ነው ጉድለቱ። ጋሽ ኪሮስ ሰምተው «ትንሹ» አሉ። ያን ቀን ደህና ቀናቸው ነበር።

በማግስቱ ዘሀራ ብቻዋን መጣች። ጥላው ሥር ቆመች እንጂ አልተቀመጠችም።

«እንድሪስ፣ ወንድም ዓለሜ፣ እኔ ስለ ጎማ አላውቅም» አለች። «የማውቀው ይቺ መኪና ካልሠራች ልጄ እንደማይቀመጥ ነው። ደላላው እስከ ዛሬ ይደውልለታል። አንድ ጊዜ በረሃውም ባሕሩም መልሶልኛል፣ አልሃምዱሊላህ። ሁለተኛ ግን ማን ይመልስልኛል?»

«አብሽሪ ዘሀራ» አልኳት። «ኢንሻአላህ ትሠራለች።»

ከዚያ በኋላ ሥራው ለኔ የጎማ ሥራ ብቻ አልነበረም። ጀማል አኩርፎም ቢሆን ትንሹን አስመጣ። ጎማዎቹ ላይ የተሠሩበትን ጊዜ አየሁ፤ መጋዘን ውስጥ ያረጀ ጎማ አዲስ መስሎ ይታያል፣ ሁለቱን መልሼ አስለወጥኩ። የመሸከም አቅማቸው ለመኪናዋ ልክ መሆኑን አረጋገጥኩ። ብሎኖቹን በመስቀል እያዛነቅሁ አጠበቅሁ። ጠዋት፣ ፀሐይዋ ከዞብል ተራራ ጀርባ ብቅ ስትል፣ በፋብሪካው ልክ ነፋሁላት። ጀማል ወደ ሮቢት ነድቷት ሲመለስ ኩርፊያው ጠፍቷል። «መሪው ዝም አለ አያ» አለኝ። ደስ አለኝ፤ ደስታዬን ግን አላሳየሁትም፣ ያንን ከጋሽ ኪሮስ ነው የተማርኩት።

የመጀመሪያ ሥራዋ የእህቱ የሰዓዳ ሰርግ ሆነ። ሙሽራው የዋጃ ልጅ ነው። ጀማል ሰዓዳን ጭኖ ከፊት፣ እኛ በሚኒባስ ከኋላ ሆነን ሄድን። ጋሽ ኪሮስም አብረውን ነበሩ፤ ቆቦ ውስጥ እሳቸው ያልተጠሩበት ሰርግ የለም፣ የክርስቲያኑ ዳስ ለብቻው ተሰናድቶ ከፊት ተቀመጡ። መኪናዋ ግቢው ውስጥ፣ ጠራራ ፀሐይ ላይ ቆማለች። ድቤው እየተመታ፣ ሴቶቹ እየዘፈኑ ሳለ ጋሽ ኪሮስ ተነስተው ወደ መኪናዋ ሲሄዱ ከሩቅ አየኋቸው። ጎማው አጠገብ ቁጢጥ አሉ፣ እጃቸውን አሳረፉ። ወጣቶቹ ቦታ ለቀቁላቸው። እኔም እንደ ልማዳቸው ነው ብዬ ወደ ምግቤ ተመለስኩ። ደግሞስ ማን ነው ጋሽ ኪሮስን ጎማ አትንኩ የሚል? ዋጃም ቆቦም ውስጥ እንዲህ ያለ ሰው አልተወለደም።

ሙሽሮቹ ቀሩ፣ እኛ ተመለስን። ጀማል ብቻውን ከፊት ቀደመን። ከዋጃ ወጥተን መንገዱን ካጋመስን በኋላ ሰው አስፋልቱ ላይ ተሰብስቦ አየን። ቀይዋ መኪና ከመንገድ ወጥታ ማሽላው ውስጥ ተገልብጣለች። ጀማል ዳሩ ላይ ተቀምጧል፣ ክንዱ ተሰብሯል፣ ሌላ የከፋ ነገር የለውም። ዘሀራ ከሚኒባሱ ወርዳ ስትሮጥ ነጠላዋ ወደቀ፤ ማንሳቱንም አላሰበችው።

የፈነዳው የኋላ ቀኝ ጎማ ነው። ማታውኑ አራቱንም አውልቄ ሱቅ አምጥቼ እጄን ወደ ፈነዳው ውስጥ ሰደድኩ። ምስማር የለም፣ የድንጋይ ምት የለም። ጎኑ በውስጥ በኩል ዙሪያውን ተፍቆ ተቃጥሏል፤ ላስቲኩ በጣቴ ላይ እንደ ጥላሸት ቀረ። ጎድሎ የሮጠ ጎማ ነው። የሰርጉ ዕለት ጠዋት ግን እኔው ራሴ ለክቼ ነፍቼዋለሁ። የቀሩትን ሦስቱን ለካሁ። ሦስቱም ጎድለዋል፣ ሦስቱም እኩል። ያለ መለኪያ፣ በጆሮው ብቻ እየሰማ ጎማን እንዲህ እኩል አድርጎ የሚያስተነፍስ አንድ ሰው ብቻ አውቃለሁ።

ለምን እንዳደረጉት ሳስብ ሰነበትኩ። የገባኝ እንዲህ ነው። ማስታወስ ሲሄድ ከቅርቡ ጀምሮ ነው የሚሄደው። ያን ቀን ዋጃ ላይ፣ ፀሐይ ውስጥ፣ ጋሽ ኪሮስ የኔ መምህር አልነበሩም። ጓደኛው ገና ያልሞተበት፣ ከበረሃ የገባን መኪና የሚያስተነፍስ የአሰብ ወጣት ነበሩ። አዘንኩ።

ከተማው ፍርዱን ለመስጠት አልዘገየም። «እንድሪስ ትንሽ ጎማ አስገጥሞ ልጁን ሊገድለው ነበር» ተባለ። ሰፊው ቢሆን ኖሮ፣ ፋብሪካው ለስፖርት ያለው ቢሆን ኖሮ ተባለ። ደንበኛዬ ቀነሰ። ጀማል ሲጠይቀኝ የጋሽ ኪሮስን ስም አላነሳሁም። «ጎማ ነው፣ ይፈነዳል» አልኩት፤ ይህ ለሱ መልስ እንዳልሆነ አውቅ ነበር። ስወጣም ስገባም ሰላም ማለት አቆመ። ዘሀራ ግን አልተወችም፤ አንድ ቀን በር ላይ አግኝታኝ «ደላላው ቀን ቆርጦለታል» አለችኝና አለፈች። አልተሳደበችም፤ ብትሳደብ ይሻለኝ ነበር።

ክንዱ ከዳነ በኋላ ጀማል ሱቄ መጣ። ሻንጣ ተሸክሟል። የቀሩትን ሦስት ጎማዎች ወስዶ ለመንገዱ ሊሸጣቸው ነው። ጋሽ ኪሮስ እንደ ልማዳቸው አሮጌ ጎማቸው ላይ ተቀምጠዋል። ሦስቱን ከጓዳ እያወጣሁ ሳለ የፈነዳው አብሮ ተንከባሎ እግራቸው ሥር ወደቀ። አነሱት። ዓይናቸውን ጨፍነው እጃቸውን ወደ ውስጥ ሰደዱ፤ ዙሪያውን ቀስ ብለው ዳበሱት።

«ይህ ምስማር አይደለም» አሉ። «ጉድጓድም አይደለም። ደህና ጎማ ነበር፣ ልኩም ትክክል ነው። ግሎ ሳለ ተስተንፍሶ ነው የተቃጠለው።» ዓይናቸውን ገለጡ። «ማነው ያስተነፈሰው?»

ጀማልን አየሁት። ያኔ ነው የገባኝ፦ ዋጃ ላይ ቦታ ከለቀቁላቸው ወጣቶች አንዱ እሱ ነበር። ሲያስተነፍሱ ቆሞ አይቷል፤ ያየው ነገር ከፈነዳው ጋር የሚገናኝ መሆኑን ግን እስከዚያች ደቂቃ አላወቀም። ፊቱ ተለወጠ። አፉን ሲከፍት ቀደምኩት።

«እኔ ነኝ ጋሼ» አልኩ።

ጋሽ ኪሮስ ወደ እኔ ዞሩ። ይቆጣሉ ብዬ ራሴን አዘጋጅቼ ነበር። ቁጣው ቀርቶ ዓይናቸው እንባ አቀረረ።

«አይ ወደይ» አሉ። «ይህን ያህል ዘመን አብረኸኝ ሠርተህ? እንግዲያ ጥፋቱ የኔ ነው። በደንብ አላስተማርኩህም ማለት ነው።» ጎማውን አስቀምጠው፣ ጉልበታቸውን በሁለት እጃቸው ይዘው ተነሱ። ጀማል ፊት ቆመው ባርኔጣቸውን አወለቁ። «ልጄ፣ ይቅር በለን። እሱ ተማሪዬ ነው፤ ያጠፋው እኔ ስላላሳየሁት ነው።»

ጀማል ባርኔጣውን ከእጃቸው ወስዶ መልሶ ራሳቸው ላይ አደረገው። እኔን አላየኝም። ቢያየኝ ሁለታችንም አንችልም ነበር።

«አብሽሩ ጋሽ ኪሮስ» አለ። «እኔ ይቅር ብያለሁ። ግን እሱ አርጅቷል፣ ከእንግዲህ አይገባውም። እኔን ያስተምሩኝ።»

ሽማግሌው አሰቡበት። ከዚያ እጁን ያዙና ወደ ተቀደደው ጎማ ውስጥ አስገቡት፤ ጣቶቹን አንድ በአንድ የተቃጠለው ቦታ ላይ አስቀመጡለት። «ጨፍን» አሉት። ጨፈነ። ሻንጣው በሩ ላይ እንደቆመ ዋለ።

በማግስቱ ዘሀራ የልጇን ምሳ ይዛ ሱቄ መጣች።